«ውኃ ጠል» አሟሚዎች ከሕግ ዓይን ሊሰወሩ አይገባም

አዮናዊ ፈሳሾች በተናኝ አሟሚዎች ምትክ «አረንጓዴ» ተብለው ቀርበዋል። ወደ አየር እምብዛም አይተኑም፤ ተጣርተውም ደጋግመው ያገለግላሉ። ይህ ጥቅም አይካድም። ሆኖም «አይተንም» ማለት «አይበክልም» ማለት አይደለም።

ውኃ ጠል የሆኑት በአብዛኛው የሚሠሩት እንዲህ ነው፦ የኢሚዳዞሊየም ክሎራይድ ወይም ብሮማይድ በውኃ ይሟሟል፤ ፍሎሪን ያዘለው ሊቲየም ቢስትሪፍሊሚድ ይጨመርበታል፤ አዲሱ ፈሳሽ ከውኃው ተለይቶ ይዘቅጣል፤ ከዚያም የጨው ቅሪት እስኪወገድ በውኃ ደጋግሞ ይታጠባል። ያ እጣቢ ወዴት ይሄዳል? ስሙ ውኃ ጠል ይባል እንጂ፣ ከእነዚህ በስፋት የሚታወቀው የቡቲል-ሜቲል-ኢሚዳዞሊየም ዓይነት በአንድ ሊትር ውኃ 7 ግራም ገደማ ይሟሟል።

ማስጠንቀቂያውም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ሄክሳፍሎሮፎስፌት ያለበትን ፈሳሽ ለማጣሪያ አሟሚነት ያስተዋወቀው የሮቢን ሮጀርስ የምርምር ቡድን፣ በ2003 ይኸው ፈሳሽ በውኃ ፈርሶ አደገኛውን ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ሊፈጥር እንደሚችል አሳይቷል። በ2024 የታተመ ጥናት ደግሞ የቢስትሪፍሊሚድን ቤተሰብ በሚኒሶታና በኬንታኪ ፋብሪካዎች አካባቢ አግኝቷል።

ታዲያ ጠያቂው ማነው? አሌክሳንድሪያ የሚገኘው የፓተንት መሥሪያ ቤት የፈጠራውን አዲስነትና ጠቃሚነት ይመረምራል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዋይት ኦክ የሚገኘው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በመድኃኒት ውስጥ የቀረውን የአሟሚ ቅሪት ይመለከታል። የእጣቢው ጥያቄ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ድርሻ ነው። ይሁንና የበለጸጉት አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት በ2021 ያወጣው ትርጓሜ ቢስትሪፍሊሚድን «ዘላለማዊ ኬሚካል» ከሚባሉት ከፒፋስ ሲመድበው፣ ኤጀንሲው በ2023 ለሪፖርት ግዴታ የወሰነው ጠባብ ትርጓሜ ከውጭ ይተወዋል። በ2024 የወጣው የመጠጥ ውኃ ገደብም ስሙን አያነሳም። ፖቶማክን ለሚጠጡት የሁለቱ ከተሞች ነዋሪዎች ይህ የቃላት ክርክር አይደለም።

አምራቾች «ፈሳሹ ስለሚመለስ አይባክንም» ይላሉ። እውነት ከሆነ መዝግቦ ማሳየት አይከብዳቸውም። ስለዚህ፦

1. ኤጀንሲው ትርጓሜውን አስፍቶ ቢስትሪፍሊሚድን ያካትት።
2. አምራቾች በየዙሩ የሚጠፋውን መጠንና የእጣቢውን መድረሻ ይፋ ያድርጉ።
3. የመንግሥት የምርምር ገንዘብ ፍሎሪን ለሌላቸው ውኃ ጠል ፈሳሾች ቅድሚያ ይስጥ። ከቅባት አሲድ የሚሠሩ አሉና ምርጫ የለም ማለት አይቻልም።

አንዱን መርዝ በሌላ መተካት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ወንዝ ከተበከለ በኋላ ማጽዳት ብዙ ያስከፍላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይሻላል።