ወርቁ ተቆጠረ፤ ባዜቃውስ?

በ2017 የበጀት ዓመት አገራችን ወደ ውጭ ከላከችው ወርቅ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማግኘቷን መንግሥት በኩራት ነግሮናል። ይበል ነው! ቡናን ሳይቀር የቀደመ ገቢ ማን ይጠላል? ከዚህ ወርቅ ብዙው የወጣውም በየወንዙ ዳር ጉድጓድ ከሚምሱ ባህላዊ አምራቾች እጅ ነው። ብሔራዊ ባንክ ግራሙን ይመዝናል፤ ማዕድን ሚኒስቴር ቶኑን ያውጃል። ወርቁን ለመለየት የገባው ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ በየትኛው በር እንደገባና የትኛው ወንዝ ውስጥ እንደቀረ ግን ሪፖርት ሲቀርብበት አልሰማንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወርቅ አጣቢው በገበታው ያጠራቀመውን አሸዋ ከባዜቃ ጋር ያሸዋል። ባዜቃው የወርቁን ብናኝ እየለቀመ አንድ እንክብል ይሆናል። እንክብሉ ከሰል ላይ ሲጣድ ባዜቃው ተንኖ ይሄዳል፤ ወርቁ ይቀራል። ወዴት ነው የሚሄደው? ከፊሉ እዚያው ምድጃ ዳር ወደተቀመጠው ሰውዬና ጡት ወደምታጠባው ሚስቱ ሳንባ ይገባል። የቀረው በዝናብ ተመልሶ ይወርዳል። ከእጣቢው ጋር የፈሰሰውማ ገና ከጅምሩ ወንዝ ገብቷል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ መሠረት፣ የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ሜርኩሪ 38 ከመቶ ያህሉ የሚመጣው ከዚሁ ከአነስተኛ የወርቅ ሥራ ነው።

ወንዝ የገባ ባዜቃ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። ጭቃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባል የከፋ መርዝ ይለውጡታል። ያንን ደቃቃ ነፍሳት ይበሉታል፤ ነፍሳቱን ትንሹ ዓሣ፣ ትንሹን ትልቁ፣ ትልቁን እኛ። በየደረጃው መጠኑ እየበዛ ይሄዳል። ቢቀቅሉት፣ ቢጠብሱት፣ ሎሚ ቢያፈሱበት አይለቅም። ከሁሉ የሚጎዳው ገና ያልተወለደው ልጅ አእምሮ ነው፤ ያውም እናትየው ምንም ሳይሰማት።

በጃፓን ሚናማታ የሆነውን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1956 ከፋብሪካ በተለቀቀ ሜርኩሪ የተበከለውን ዓሣ የበሉ ድመቶችና ሰዎች እየተንቀጠቀጡ ሲወድቁ ታየ። መንግሥት ምክንያቱ የፋብሪካው ቆሻሻ ነው ብሎ ያመነው በ1968 ነው። 12 ዓመት ሙሉ! በወርቅ ከሆነ ደግሞ ፔሩ አለችልን። በ2016 ማድሬ ደ ዲዮስ በተባለው ግዛቷ የወርቅ ፈላጊዎች ሜርኩሪ ወንዙንና ዓሣውን በመበከሉ የ60 ቀን አስቸኳይ ጊዜ አውጃለች።

የፈረንጅ አገር ወሬ ነው የሚል ካለ ወደ ሐዋሳ እንውሰደው። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ የራሳችን ተመራማሪዎች ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር በሐዋሳ ሐይቅ ዓሦች ውስጥ ሜርኩሪ ለክተው ነበር። አልጌ የሚበላው ቆሮሶ ዝቅተኛ ሲሆን፣ ሌሎች ዓሦችን የሚውጠው ትልቁ ባርበስ ውስጥ ግን ከፍ ብሎ ተገኘ። ልብ በሉ፣ ሐዋሳ ዳር የወርቅ ማውጫ የለም። መለኪያውም፣ ለኪውም ምሁር አገር ውስጥ አለ ማለት ነው። እኛ ግን ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያልን ዕድሜ ልካችንን ስንሟገት ዓሣው ራሱ ምን በልቶ እንደመጣ ጠይቀን አናውቅም።

በትግራይ ሽሬ አካባቢ ሜርኩሪና ሳያናይድ ለወርቅ ሥራ እንደሚውሉ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ጋምቤላ ውስጥ ወርቅ ከሚታጠብበት ከአኮቦ ወንዝ በታች ያለው ሰው ደግሞ ዓሣን ለቅንጦት አይደለም የሚበላው፤ ቀለቡ ነው። ለእሱ ማን ነገረው?

ምስጢር መውደድ አዲስ አመል አይደለም። በ2010 የለገደምቢ ነዋሪዎች «ልጆቻችን አካል ጉዳተኛ ሆነው እየተወለዱ ነው» ብለው አደባባይ ወጡ። ያ ትልቅ ኩባንያ የሚሠራበት ማዕድን እንጂ የባህላዊ አምራቾች መንደር አይደለም፤ የአደባበሱ ስልት ግን ያው ነው። ፈቃዱ ታገደ፤ በ2013 ሥራው እንደገና ተጀመረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2015 ባወጣው ዘገባ መንግሥት ያስጠናቸውን ጥናቶች ይፋ እንዲያደርግ ጠይቋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ሲፈቅድ «የጥናት ውጤት በመሳቢያ ይቆለፋል» የሚል ንዑስ አንቀጽ አልጨመረበትም!

ይህን ስንል ባህላዊ አምራቹ በፖሊስ ይሳደድ ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ወርቁን እየገዛ ዶላሩን የሚቆጥረው መንግሥት፣ ድሃውን ብቻ ወንጀለኛ ማድረጉ ያሳፍራል። እንክብሉ የሚቃጠልበት ክዳንና ቧንቧ ያለው የብረት ዕቃ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ ባዜቃውን መልሶ ይይዛል፤ ሥራውም ረቂቅ አይደለም፣ የአገር ብረት ሠራተኛ ይበጀዋል። ከወርቁ ገቢ ቀንሶ ይህን ማደል እንዴት ያቅታል? የለገደምቢው ጥናት ይታተም። ከአኮቦ፣ ከዳቡስ፣ ከአዋታና ከተከዜ ውኃና ዓሣ ተወስዶ ይመርመር፤ ውጤቱም በየወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ፣ ወንዙን የሚጠጣው ሕዝብ በሚያነበው ቋንቋ ይለጠፍ።