ያልተቆጠሩ ኳሶች

የቅርጫት ኳስ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም፤ ከተነሳም ቶሎ አይበርድም። እስከ ዛሬ በኤንቢኤ ከተጫወቱት ሁሉ ማን ይበልጣል? አንዱ ማይክል ጆርዳን ይላል፤ ስድስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ስድስቱንም ዋንጫ አንስቷልና። ሌላው ሌብሮን ጄምስን ይጠራል፤ በመደበኛው ውድድር ከ40,000 በላይ ነጥብ ያስቆጠረ ሌላ ሰው የለም። ዕድሜው ጠና ያለ ሰው ካለ ደግሞ ካሪም አብዱል ጀባርን ያነሳል፤ ስድስት ጊዜ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠ እሱ ብቻ ነው። የቢል ራስል ስም ሲነሳ ግን ሁሉም በአክብሮት አንገቱን ነቅነቅ ያደርግና ያልፈዋል። "እሱማ አሥራ አንድ ዋንጫ አለው፤ ግን የድሮ ሰው ነው" ይባላል፤ ወሬው ወደ ጆርዳንና ሌብሮን ይመለሳል።

አሥራ አንድ ዋንጫ እንዲህ ታልፎ የሚኬድ ነገር አይደለም። ራስል ለቦስተን ሴልቲክስ ከ1957 እስከ 1969 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሥራ ሦስት የውድድር ዘመን አሥራ አንድ ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ከእነዚህ ስምንቱ በተከታታይ የመጡ ናቸው። ካመለጡት ሁለት ዋንጫዎች አንዱ፣ የ1958ቱ፣ በፍጻሜው መሀል ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ያመለጠ ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ቢል ራስል ነው። ይህን የምለው ዋንጫ ቆጥሬ ብቻ አይደለም። ዋንጫዎቹ የመጡበትን መንገድ ስናይ ክርክሩ ሁልጊዜ የሚስተው ነገር ይገኛል።

እኛ ታላቅነትን በሰዓት መለካት የለመድን ሰዎች ነን። ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ ብለን ስንሟገት እንኳ ሁላችንም የምንቀበለው ነገር አለ፤ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 የሮጠ ሰው በ26:17.53 ሮጧል፤ ሰዓቱ አያዳላም። አምስት ሰው በአንድ ኳስ የሚጫወትበት ስፖርት እንዲህ ያለ ዳኛ የለውም። ስለዚህ ወደ ስታትስቲክሱ እንሮጣለን፤ ስታትስቲክሱም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ኳስ የያዘውን ሰው ነው። ያስቆጠረው ይጻፍለታል፤ አመቻችቶ ያቀበለውም ይጻፍለታል። ወደ ቅርጫቱ ሰብሮ ገብቶ ራስልን ፊት ለፊቱ ሲያይ ሐሳቡን ቀይሮ ኳሱን ወደ ኋላ የመለሰው አጥቂ ግን የትም አይጻፍም። ያስመለሰው ተከላካይም አይጻፍም።

እስቲ ራስል ኳስ ሲያቋርጥ ቀረብ ብለን እንየው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ግራኝ ነው። አብዛኛው ተጫዋች ኳሱን የሚለቀው በቀኝ እጁ በመሆኑ ፊት ለፊት የሚገጥመው የራስል ጠንካራ እጅ ነበር። አሁን በቴሌቪዥን የምናያቸው ብዙዎቹ ኳሱን በጥፊ መትተው ወደ ተመልካቹ ይልኩታል። አዳራሹ ይጮኻል፤ ኳሱ ግን ከመስመር ስለወጣ ለተጋጣሚ ይመለሳል። ራስል በጣቶቹ ጫፍ ነካ አድርጎ ኳሱን ሜዳ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ወይ ራሱ ዘሎ ይይዘዋል፣ ወይ ከጓደኞቹ አንዱ እጅ ይገባል። ጓደኞቹ ይህን ስለሚያውቁ ኳሱ ገና አየር ላይ እያለ ወደ ሌላኛው ቅርጫት መሮጥ ይጀምራሉ። ቦብ ኩዚ ተቀብሎ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ያነጥራል፤ በሦስትና በአራት ሴኮንድ ውስጥ ሴልቲክስ አስቆጥሯል። ሁለት ነጥብ የተከለከለውም ሁለት ነጥብ የተጀመረውም በዚያች አንዲት ንክኪ ነው። በማግስቱ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ግን የአስቆጣሪው ስም ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ኤንቢኤ የሚቋረጡ ኳሶችን በይፋ መቁጠር የጀመረው በ1973–74 የውድድር ዘመን መሆኑ ነው። ራስል ጫማውን ከሰቀለ አራት ዓመት አልፎት ነበር። ዓለም ላይ ከማንም በላይ የተካነበት ሥራ በእሱ ዘመን አንድም ጊዜ በይፋ አልተመዘገበም። የቀረልን የሪባውንዱ (ሳይገባ የተመለሰን ኳስ የመያዝ) ቁጥር ነው፤ በጠቅላላው 21,620፣ በጨዋታ በአማካይ 22.5። ከጎኑ የተጻፈው የነጥብ አማካይ 15.1 ብቻ በመሆኑ ጆርዳንን 30.1 ይዞ ያየ ወጣት ራስልን ቢንቀው አልፈርድበትም። የተሰጠው ወረቀት ግማሹ ባዶ ነው።

ያንን ባዶ ግማሽ ለመሙላት ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ቡድኑን ከራስል በፊትና ከራስል በኋላ ማየት ነው። አሰልጣኙ ሬድ አወርባክ ቦስተንን የያዘው በ1950 ነው፤ ኩዚም በዚያው ዓመት መጣ። ቢል ሻርማን ብዙም ሳይቆይ ተጨመረ። ነጥብ በማስቆጠር የሚወዳደራቸው እምብዛም አልነበረም፤ ሆኖም በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ለፍጻሜ አልደረሱም። በ1956 ድራፍት (የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ) አወርባክ ኤድ ማኮሊንና ክሊፍ ሄገንን ለሴንት ሉዊስ ሰጥቶ ራስልን ወሰደ። ራስል ግን ወዲያው አልመጣም፤ ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ነበር። (ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የተካፈለችበት፣ ወጣቱ ማሞ ወልዴም የሮጠበት ያው ሜልቦርን ነው።) አሜሪካ በፍጻሜው ሶቪየት ኅብረትን 89 ለ 55 ረታች፤ ራስል ወርቁን ይዞ በታኅሣሥ ወር ቦስተን ገባ። ሚያዝያ ላይ ሴልቲክስ በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ። መጋቢት 1956 ላይ ከሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ጋር የኮሌጆች ሻምፒዮን እንደነበረ ስናስታውስ፣ በአሥራ ሦስት ወር ገደማ ውስጥ የኮሌጁን፣ የኦሎምፒኩንና የኤንቢኤውን ድል ጠቅልሎ ወስዷል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ተለዋወጠ። ሻርማን በ1961 ሄደ፤ ኩዚ በ1963፤ ቶም ሃይንሰን በ1965። አወርባክ ራሱ በ1966 ከአሰልጣኝነት ወረደ። ሳም ጆንስና ኬሲ ጆንስ መጡ፤ ጆን ሃቭሊቼክ መጣ። ዋንጫው ግን አልቆመም። በአሥራ አንዱም ድል ሜዳ ላይ የነበረ ተጫዋች አንድ ራስል ብቻ ነው። በ1969 ሲሰናበት ሴልቲክስ ያንን የውድድር ዘመን 48 አሸንፎ 34 ተሸንፎ ነበር የጨረሰው። በቀጣዩ ዓመት 34 አሸነፈ፣ 48 ተሸነፈ። ሳም ጆንስም አብሮት እንደወጣ አልደብቅም፤ ግን ሃቭሊቼክን ይዞ ሻምፒዮን የነበረ ቡድን ወደ ፕሌይኦፍ (ወደ ጥሎ ማለፉ) እንኳ መግባት ሲያቅተው ምክንያቱን ሩቅ መፈለግ አያስፈልግም።

በኋላ ዘመን የእያንዳንዱን ኳስ ይዞታ ውጤት የገመቱ ባለሙያዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። ያ ሁሉ ዋንጫ ሲመጣ የቦስተን ማጥቃት በብዙዎቹ ዓመታት ከሊጉ አማካይ በታች ነበር። ያሸነፈው መከላከሉ ነው፤ መከላከሉ ደግሞ በአንድ ሰው ዙሪያ የቆመ ነበር። "ጥሩ ጓደኞች ስለነበሩት ነው" ለሚሉ ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ጓደኞቹ ያን ያህል ኃያላን ከነበሩ ለምን ነጥብ በማግባት አልበለጡም?

አሁን ወደ 1962 እንሂድ፤ ለእኔ የዚህ ክርክር ልብ እዚያ ነው። በዚያ የውድድር ዘመን ዊልት ቻምበርሌይን በጨዋታ በአማካይ 50.4 ነጥብ አስቆጠረ፤ መጋቢት 2 ቀን ደግሞ ፔንሲልቬንያ ውስጥ በምትገኘው ኸርሺ ከተማ ኒው ዮርክ ላይ 100 ነጥብ አገባ። ኦስካር ሮበርትሰን በነጥብ፣ በሪባውንድና በማቀበል በአማካይ ሁለት አሃዝ ይዞ ዓመቱን ጨረሰ። እንዲህ ያለ ዓመት በሊጉ ታሪክ ታይቶ አያውቅም። በዚያ ዓመት የኮከብነቱን ሽልማት ያገኘው ግን 18.9 ነጥብ ያስቆጠረው ራስል ነው። ያኔ የሚመርጡት ጋዜጠኞች አልነበሩም፤ ራሳቸው ተጫዋቾቹ ነበሩ። ጋዜጠኞቹ በበኩላቸው የዓመቱን ምርጥ አምስት ሲመርጡ ዊልትን አስገብተው ራስልን ወደ ሁለተኛው ቡድን አወረዱት። በ1958ና በ1961ም እንዲሁ ሆኗል፤ ተጫዋቾቹ ኮከባችን ያሉትን ሰው ጸሐፊዎቹ ሁለተኛ አድርገውታል። ከመቀመጫ ሆኖ የሚያይ ሰው የሚገባውን ኳስ ያያል። ኳሱን ይዞ ወደ ራስል የሚሮጥ ሰው ደግሞ የሚያውቀው ሌላ ነገር አለ። ከሁለቱ ማንን እንመን ብባል እኔ ዝላዩን በዓይኑ ያየውን፣ ኳሱን የተነጠቀውን ሰው አምናለሁ።

ከዊልት ጋር ያደረጉት ፉክክርም ይህንኑ ያሳያል። ፊት ለፊት ሲገናኙ ዊልት በአማካይ የራስልን ሁለት እጥፍ ያህል ነጥብ ያስቆጥር ነበር። በፕሌይኦፍ ስምንት ጊዜ ተገናኝተው ግን ሰባቱን ያለፈው የራስል ቡድን ነው። አሸናፊውን በሚወስን የመጨረሻ ጨዋታ፣ በሰባተኛው ጨዋታ፣ ራስል በሕይወቱ አሥር ጊዜ ተሰልፎ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም። በ1962 ፍጻሜ ሎስ አንጀለስ ሌከርስን በተጨማሪ ሰዓት ሲያሸንፉ 30 ነጥብና 40 ሪባውንድ ነበረው፤ ማስቆጠር ሲያስፈልግ ያስቆጥር እንደነበር ይህ ይበቃል።

ይህ ሁሉ በቀላሉ አልመጣም። ከትልልቅ ጨዋታዎች በፊት ከጭንቀት ብዛት ያስመልሰው እንደነበር የቡድን ጓደኞቹ ሁሉ ይናገሩ ነበር። በ1961 ኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን ውስጥ ጥቁር ተጫዋቾች ምግብ ቤት ሲከለከሉ ራስልና ጓደኞቹ የወዳጅነት ጨዋታውን ትተው ወጥተዋል። ዋንጫ በሚያመጣላት በቦስተን አቅራቢያ፣ ሬዲንግ በሚባል ከተማ ቤቱ ተሰብሮ ተበላሽቶበታል። በ1972 መለያ ቁጥሩ ሲሰቀል ሥነ ሥርዓቱ ተመልካች ከመግባቱ በፊት፣ በጓደኞቹ ፊት ብቻ እንዲሆን ጠየቀ። ለራሱ ብቻ የሚሰጥ ክብር ብዙም አይስበውም ነበር።

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ። ራስል ሲጀምር ሊጉ ስምንት ቡድን ብቻ ነበረው፤ ሁለት ዙር አልፎ ሻምፒዮን መሆን ይቻል ነበር። እውነት ነው። ግን ስምንት ቡድን ማለት ጥበብ ሁሉ በስምንት ቦታ ታጭቆ ነበር ማለትም ነው፤ ዊልትን በዓመት ሁለቴ ሳይሆን በአማካይ ከዘጠኝ ጊዜ በላይ መግጠም ነበረበት። የቅጣት ምቱ ደካማ ነበር፤ ከመቶው 56 ያህሉን ብቻ ያገባ ነበር። ይህን የምከላከልበት ነገር የለኝም። የዛሬው ተጫዋች ይፈጥናል፣ ይሰለጥናል፣ ይመገባል የሚለው ደግሞ በሁሉም ዘመን ላይ የሚሠራ ስለሆነ ማንንም ከማንም አይለይም። ሰው የሚመዘነው አብረውት ከተሰለፉት ጋር ነው።

ከሁሉም ድሎቹ እኔ የምመርጠው የመጨረሻውን ነው። በ1969 ራስል 35 ዓመቱ ነበር፤ ከ1966 ጀምሮ ተጫዋችም አሰልጣኝም ነው፤ በኤንቢኤ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ። ሴልቲክስ በምሥራቁ ምድብ አራተኛ ሆኖ ጨርሷል። ተጋጣሚው ሌከርስ ዊልትን፣ ጄሪ ዌስትንና ኤልጂን ቤይለርን በአንድ ላይ ይዟል፤ ሰባተኛው ጨዋታም በሌከርስ ሜዳ ነው። የሌከርስ ባለቤት ለድሉ በዓል የሚለቀቁ ፊኛዎችን ከጣሪያው ስር ሰቅሎ አዘጋጅቷል። ዌስት 42 ነጥብ፣ 13 ሪባውንድና 12 አሲስት (አመቻችቶ ማቀበል) አስመዘገበ፤ ከተሸነፈው ቡድን ሆኖ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። ራስል ያስቆጠረው 6 ነጥብ ብቻ ነበር። ሴልቲክስ 108 ለ 106 አሸነፈ፤ ፊኛዎቹም ከተሰቀሉበት አልወረዱም።

እንግዲህ ጆርዳንና ሌብሮንስ? ቡድኑ ያለሱ ምን ይሆናል በሚለው መለኪያ ሌብሮን ከጆርዳን ይበልጣል ባይ ነኝ። ጆርዳን በ1993 ሲያቆም ቺካጎ ከ57 ድል ወደ 55 ብቻ ወረደ፤ ሌብሮን በ2010 ክሊቭላንድን ሲለቅ ቡድኑ ከ61 ወደ 19 ተንኮታኮተ። ይህን አይቶ ሌብሮንን ከራስል በላይ ላስቀምጥ የሚል ሰው ጠንካራ ነጥብ አለው። እኔ የማልከተለው የ61ዱ ቡድን ሁሉ ነገሩ በሌብሮን እጅ እንዲያልፍ ተደርጎ የተሠራ ስለነበር ነው። ራስል ግን ኳሱን ለኩዚ ትቶ አሸነፈ፤ ለሳም ጆንስ ትቶ አሸነፈ፤ ለሃቭሊቼክም ትቶ አሸነፈ።

ደግሞም ሁለቱ የሚመለኩባቸውን ቅጽበቶች እንመልከት። በ1998 ፍጻሜ በስድስተኛው ጨዋታ ጆርዳን ዩታ ላይ ያስቆጠራት የመጨረሻ ኳስ በየግድግዳው ተሰቅላለች፤ ያቺ ኳስ ግን ከሴኮንዶች በፊት ከካርል ማሎን እጅ የነጠቃት ናት። በ2016 ፍጻሜ በሰባተኛው ጨዋታ፣ ውጤቱ 89 ለ 89 ሆኖ ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣ ሌብሮን ሜዳውን አቋርጦ ከኋላ ደርሶ የአንድሬ ኢጉዳላን ኳስ ሰሌዳው ላይ አጣበቃት። ኳሷ ከሜዳ አልወጣችም፤ ሪባውንዱን ያገኘው ክሊቭላንድ ነው። አሸናፊዋን ባለሦስት ነጥብ ቆየት ብሎ ያገባት ካይሪ ኧርቪንግ ቢሆንም ሰው ስለዚያ ምሽት ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው ያቺን የተቋረጠች ኳስ ነው። ራስል እንዲህ ያለውን ሥራ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በየምሽቱ ሠርቷል፤ ስንት ጊዜ እንደሠራው የጻፈ የሊጉ መዝገብ ግን የለም።