እጁን ያጣመረ ሁሉ አላኮረፈም

ውድብሪጅ የምትኖሩ የሆርነር ሮድን የመኪና ማቆሚያ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጠዋት ሰዎች ተሰልፈው ወደ ፔንታጎን ወይም ወደ ዲሲ በሚሄድ የማያውቁት ሰው መኪና ይሳፈራሉ። ሾፌሩ ሦስት ሰው ስለሞላ በአይ-95 ፈጣን መስመር ሳይከፍል ያልፋል፤ ተሳፋሪዎቹም በነጻ ይደርሳሉ። «ስለጊንግ» የሚባለው የዚህ ልማድ አንዱ ያልተጻፈ ሕግ ሾፌሩ ወሬ ካልጀመረ ተሳፋሪ ዝም ማለቱ ነው። ከውጭ ለሚያያቸው፣ እጃቸውን አጣምረው በመስኮት የሚያዩት ሰዎች የተኳረፉ ይመስላሉ። አልተኳረፉም፤ እየተከባበሩ ነው።

እኔ ይህን እያወቅኩ ስብሰባ ላይ ግን ረሳሁት። ዋጋ አስከፈለኝ።

በአካባቢያችን ላለ አንድ እድር የአባላት መዝገብ የሚይዝ አፕ በትርፍ ሰዓታችን እየሠራን ነበር። የቡድኑ አሰልጣኝ እኔ ነኝ፤ በሥራ ቦታ «ስክረም ማስተር» የሚሉት ዓይነት። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቅዳሜ የፍለጋውን ችግር ልንፈታ ተሰበሰብን። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ አባል «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም። አንዱ መፍትሔ አመጣ፦ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እንቀይርና መዝገቡ አንድ ወጥ ይሁን። ጥሩ መሰለን።

ጥግ ላይ የቡድናችን ትንሹ ልጅ ኮፍያውን ደፍቶ፣ እጁን አጣምሮ፣ ዐይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ተቀምጧል። «ይኼ ልጅ ልቡ እዚህ የለም» አልኩ በሆዴ። «ተስማማን?» ብዬ ጠየቅኩ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ አለፍን።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንዲት እናት የአባልነት ካርዳቸውን ይዘው መጡ። «ፀሐይ» የነበረው ስማቸው «ጸሀይ» ሆኗል። «ይኼ የእኔ ስም አይደለም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ለፍለጋ ሲባል ሞክሼ ፊደላትን አንድ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ግን የሚደረገው በፍለጋው ማውጫ ላይ እንጂ በዋናው መዝገብ ላይ አይደለም። አንዴ ከተቀየረ የትኛው ሀ ሐ እንደነበር ማሽኑ ሊያውቅ አይችልም። ባክአፓችንም በየሳምንቱ በላዩ ላይ የሚጻፍ ስለነበር አሮጌው ጠፍቷል። የአባላቱን ስም በሙሉ ከወረቀት ቅጽ እንደገና አስገባን።

ያ ልጅ ነገሩን ከመጀመሪያው ያውቀው ነበር። «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥል፣ «ሰአሊ» የሚለምን መሆኑን ጠቅሶ አስረዳኝ። ታዲያ ለምን ዝም አልክ ብለው «ጋሼ፣ እናንተ ትልልቆቹ ከተስማማችሁ በኋላ እኔ ምን ብዬ ልግባ?» አለኝ። እጅህንስ ያጣመርከው? «ኤሲው! ክፍሉ በረዶ ነበር።»

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ አሰልጣኝ የሰውን አካል ለመተርጎም መሞከሩን ትቶ ስብሰባውን ቢያስተካክል ይሻላል።

እኛ ደግሞ ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል። ብዙዎቻችን ታላቅ ሲናገር ዐይን ሰበር ማድረግ፣ ካልተጠየቁ አለመናገር ጨዋነት ነው ተብለን ነው ያደግነው። እዚህ አገር በሥራ ቦታ ዐይን ለዐይን አለማየት ፍላጎት እንደማጣት ሊቆጠር ይችላል። «አዎ» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ ወይም ቅንድባችንን ከፍ። በኦንላይን ስብሰባ ላይ የድምፅ ማጣሪያው ያችን ትንፋሽ ጫጫታ ነች ብሎ ሊያጠፋት ይችላል። ካሜራ ከተዘጋ ቅንድቡም የለም። ሰውዬው መልሷል፤ እኛ ግን ዝም አለ እንላለን።

«እንግዲያው ለኤአይ እንስጠው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ቆም በሉ። በ2019 ሊሳ ፌልድማን ባሬትና ባልደረቦቿ በርካታ ጥናቶችን ገምግመው ከፊት እንቅስቃሴ ብቻ ስሜትን በአስተማማኝ ሁኔታ ማወቅ እንደማይቻል ጽፈዋል። ማይክሮሶፍት በሰኔ 2022 ስሜትን ከፊት የሚገምተውን አገልግሎቱን ከአዡር ፌስ ለማንሳት ወሰነ። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከየካቲት 2025 ጀምሮ፣ ከሕክምናና ከደኅንነት ምክንያት በቀር፣ በሥራ ቦታ የሠራተኛን ስሜት የሚገምት ኤአይ መጠቀም ተከልክሏል። ማሽኑም እንደ እኔው ነው፤ እጅ መጣመሩን ያያል፣ ኤሲውን አያይም።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ ከዚያ ወዲህ የያዝኳቸውን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ቀላሉን ምክንያት አስቀድሙ። ክፍሉ ይበርዳል? ሰውዬው ከሌሊት ፈረቃ ነው የመጣው? ወንበሩ ከጠረጴዛው ርቋል?

ሁለተኛ፣ ዲፉን አንብቡ። ሁልጊዜ እጁን አጣምሮ የሚቀመጥ ሰው ምንም አልነገራችሁም። ከፈት ብሎ ሲጫወት ቆይቶ የማስረከቢያው ቀን ሲነሳ ወደ ኋላ የተለጠጠ ግን አንድ ነገር ተቀይሮበታል። ሰውን ከመጽሐፍ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር አወዳድሩ። ክፍሉ በአንዴ ከተዘጋ ደግሞ ችግሩ እናንተ አሁን የተናገራችሁት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ በሰው ፊት «ምነው ዝም አልክ?» አትበሉ። ማሳፈር ነው፤ የባሰ ይዘጋዋል። ከውይይት በፊት ሦስት ደቂቃ ሁሉም ሐሳቡን ይጻፍ፤ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ይነጋገሩ፤ ሲነበብ ከታናሽ ይጀመር። ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ እንዲቃወም መጠበቅ ከአስተዳደጉ ጋር ማጣላት ነው።

አራተኛ፣ «ተስማማን?» የሚለውን ጥያቄ ጣሉት። «ይህ ነገር የሚበላሽበት አንድ መንገድ ምንድን ነው?» በሉ። ያኔ ችግር መናገር ትልልቆቹን መቃወም መሆኑ ይቀርና የተጠየቁትን መመለስ ይሆናል።

አምስተኛ፣ በኋላ ቡና ላይ ለብቻው ስታገኙት የደመደማችሁትን ሳይሆን ያያችሁትን ንገሩት፦ «ዛሬ ብዙ አልተናገርክም፤ እኔ ያላየሁት ነገር ይኖር ይሆን?» መልሱ «የለም» ከሆነ ተቀበሉት። ሁሉም ዝምታ ምስጢር የለውም።

አንዳንዱ «አዋቂ ሰው ራሱ ይናገር፤ አሜሪካ ነው ያለነው» ይለኛል። ለግለሰቡ ምክርነቱ ልክ ነው። ወጣቶች፣ በአፍ ማለቱ ከከበዳችሁ በቻቱ ወይም በቲኬቱ ላይ ጻፉት፤ በጽሑፍ መቃወም ድፍረት አይባልም። ነገር ግን የዝምታውን ዕዳ የከፈለው ዝም ያለው ልጅ አልነበረም፤ ስማቸው የተቀየረባቸው እናት ናቸው። ቡድኑን እንድመራ የተቀመጥኩት እኔ ነኝና ጥፋቱም የእኔ ነው።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባልን አድገናል። ኮድ ላይ ግን ባጉ የገባው በዚያው በተዘጋ አፍ ነው። አሁን ቅዳሜ ስንገናኝ እያንዳንዱ ሰው አንድ ስጋት ሳይጽፍ ውሳኔ አናጸድቅም። ኤሲውንም ቀድመን እንቀንሳለን።