ንጹሕ ሰውም በሩን ይዘጋል

«ንጹሕ ሰው የሚደብቀው ነገር የለውም» የምትለው አባባል በተማረው ወገናችን ዘንድ እንደ ትልቅ ጥበብ ስትነገር እሰማለሁ። በሊንክድኢን ላይ ያለውን ገጹን ማን እንደሚያየው የሚወስን፣ የወዳጆቹን ዝርዝር የሚሰውር፣ የይለፍ ቃሉን የሚያጠብቅ ሰው ወይ ፈሪ ነው ወይ ጥፋተኛ ይባላል። እኔ ይህን አባባል አጥብቄ እቃወማለሁ። ለመሆኑ በሩን ቆልፎ የሚያድር ሁሉ ወንጀለኛ ነውን?

ይህች አባባል በአገራችን ከጨዋታ አልፋ ክስ ውስጥ ገብታለች። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። በሐምሌ ወር በሽብርተኝነት ሲከሰሱ፣ ከተቆጠሩባቸው ነጥቦች አንዱ የኢንተርኔት ግንኙነትን ደኅንነት ስለ መጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ደብዳቤን አሽጎ መላክ መማር የሽብር ምልክት ሆነ ማለት ነው! በእስር የቀሩት የመጨረሻዎቹ ተከሳሾች ከሽብር ክሱ ነጻ የተባሉት በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ነው። የታሰሩበትን ጊዜ ግን የሚመልስላቸው የለም።

ከዚያ በኋላ የመጣውንም አንርሳ። በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በማኅበራዊ መገናኛ የሚጻፈው ሳይቀር በክልከላ መመሪያ ውስጥ ገባ፤ ብዙ ወጣቶችም «ተሃድሶ» በሚል ስም አዋሽ ሰባት ወደሚገኘው ካምፕ ተወሰዱ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በታወጀው ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ ፖለቲከኞችና ጋዜጠኞች አዋሽ አርባ ታሰሩ። የባቡርና የድልድይ ከተማ የነበረችው አዋሽ ስሟ ከእስር ጋር ተያይዞ ቀረ። አዋጅ ቀጠሮ ሰጥቶ አይመጣም። ስልክ ከባለቤቱ እጅ በሚወጣበት ቀን የሚጋለጠው ደግሞ ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ የሚያውቃቸው ሁሉ ናቸው። ያን ጊዜ ስለ ቁልፍ ማውራት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

«ይህ የአዲስ አበባ ጦማሪ ጣጣ ነው፤ ሥራ ፈላጊውን ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። እንዲያውም ጉዳዩ ይበልጥ የሚጠናው በትንሽ ከተማ ነው። ሊንክድኢን የሌላውን ሰው ገጽ ስትጎበኙ ሦስት ምርጫ ይሰጣችኋል፦ በስማችሁ መታየት፣ ያለ ስም በሥራ ዘርፋችሁ ብቻ መታየት፣ ወይም ፈጽሞ አለመታየት። መካከለኛው ምርጫ ለንደን ላለ ሰው በቂ መሸሸጊያ ይሆን ይሆናል። ሠመራ ላይ ግን «በግብረ ሰናይ ድርጅት የሎጂስቲክስ ባለሙያ» ከተባለ፣ ከሎግያ እስከ ሠመራ ያለው ሰው «እገሌ ነው» ብሎ ይጠራዋል። ሥራ ለመቀየር የሚያስብ ባለሙያ የሌላ መሥሪያ ቤት ኃላፊን ገጽ በማየቱ ብቻ ወሬው ከማመልከቻው ቀድሞ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ሊደርስ ይችላል። ስም ተሰውሮ ማንነት የሚታይበት መጋረጃ ምን ይረባል?

ኩባንያውም ቢሆን በጎ እረኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የ6.5 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ተሰርቆ ወጣ ተባለ። ከአራት ዓመት በኋላ ከዚያው ስርቆት የተገኘው ከ100 ሚሊዮን በላይ መሆኑ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ደግሞ የተጠቃሚዎች ጽሑፍና የገጽ መረጃ ለአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ማሠልጠኛ እንዲውል የሚፈቅደው ቁልፍ አስቀድሞ በርቶ ተገኘ። የአውሮፓ ኅብረት ተጠቃሚዎች በዚያን ጊዜ አልተነኩም፤ ተራው የደረሳቸው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 ነው። የሠመራው ተመራቂ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳይጠየቅ ፈቃደኛ ተደርጎ ተቆጠረ። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከሕግ ነው። የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024፣ የተጠቃሚዎችን መረጃ ለማስታወቂያ ያለ አግባብ ተጠቅሟል ብሎ ሊንክድኢንን 310 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። ጥርስ ያለውን ሕግ ኩባንያውም ያከብራል።

እኛም ሕግ አለን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጸድቋል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሕግ ዋጋው ግን ከወረቀቱ ውፍረት ሳይሆን ከሚጠይቀው ሰው ይመነጫል። ባለሥልጣኑ ኩባንያውንም መንግሥትንም በእኩል ሚዛን እንዲጠይቅ እኛ ልንጠይቀው ይገባል። ዜጋው ቁልፍ እየፈለገ ሲዳክር በሩን ከፍቶ የተወው ከተጠያቂነት ማምለጥ የለበትም።

እስከዚያው ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። የትስስር ዝርዝራችሁን ሰውሩ፤ የጋራ ወዳጆች መታየታቸው ባይቀርም ሙሉው ዝርዝር ለማንም መንገደኛ አይሰጥም። ኢሜይላችሁንና ስልክ ቁጥራችሁን ከሕዝብ ዕይታ አንሡ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን አብሩ፤ ቢቻል በአጭር መልእክት ሳይሆን በማረጋገጫ መተግበሪያ ይሁን፤ ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ስልክ ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ሊተላለፍ ይችላልና። ገጻችሁ በየትኞቹ መሣሪያዎች ላይ ተከፍቶ እንደሚገኝ እያያችሁ የማታውቁትን ዝጉ። የአርቲፊሻል ኢንተለጀንሱን ፈቃድም አጥፉ። ቀጣሪ ሊያየው የሚገባው ሙያችሁና ልምዳችሁ ነው፤ እሱ ክፍት ይሁን። መታየትና መራቆት አንድ አይደሉም።

«የምደብቀው የለኝም» የሚለው ወዳጄም አንድ ነገር ያስብ። በገጹ ላይ የተዘረዘሩት ሰዎች የእሱ ንብረት አይደሉም። ከእነርሱ መካከል ሥራ የሚፈልግ፣ ባለሥልጣን የሚተች፣ ከአለቃው የተጣላ አለ። እርሱ ስለ ራሱ መናገር መብቱ ነው፤ ስለ እነርሱ «የሚደብቁት የላቸውም» ብሎ የመፍረድ ሥልጣን ግን ማን ሰጠው?

ቸር ይግጠመን።