የሆርሞን ፕላስተር በውሰት አይለጠፍም

መስቀልና አረፋ ሲደርሱ ወደ ወልቂጤና ቡታጅራ ከአዲስ አበባ፣ ከአሜሪካና ከዓረብ አገራት የሚመጣው ዘመድ ብቻ አይደለም። ሻንጣው ውስጥ መድኃኒትም አብሮ ይመጣል። የደም ግፊት ኪኒን፣ የስኳር መለኪያ፣ የቫይታሚን ብልቃጥ ለምደነዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ እንደ ቁስል ፕላስተር ስስ የሆነ፣ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ የሆርሞን መድኃኒት መታየት ጀምሯል። ልጅ ለእናቷ ትልካለች፤ እናት ሁለቱን ለራሷ አስቀርታ ሁለቱን «አንቺም እንደኔ ላብ ያጠምቅሻል» ብላ ለጎረቤቷ ታካፍላለች። ደግነቱ አይጠፋኝም። ግን ይህ መድኃኒት እንደ ቡና ቁርስ የሚካፈሉት አይደለም።

ማረጥ በሽታ አይደለም። አንዲት ሴት ያለ ሌላ ምክንያት 12 ወር ሙሉ የወር አበባ ካላየች አርጣለች እንላለን፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይሆናል። በሽታ አይደለም ማለት ግን አያሠቃይም ማለት አይደለም። ከደረት ተነሥቶ ወደ አንገትና ፊት የሚወጣ ድንገተኛ ሙቀት፣ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የብልት መድረቅና በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ ያለ ምክንያት መበሳጨት ዓመታት ሊዘልቁ ይችላሉ። ሌሊቱን ስትገላበጥ ያደረች እናት ጠዋት እንሰት ልትፍቅ ወይም ሱቅ ልትከፍት ትነሣለች። ቤተሰቡ «ምች ነው» ይልና ዳማከሴ ይታሻል፤ ሲሰነብት «ጠባይዋ ተለወጠ» ይባላል። ለእናቶች አንትሮሽትን የመሰለ የራሳቸው በዓል ባለበት አገር እናት ስለዚህ ጉዳይ ለባሏ ቀርቶ ለሴት ልጇም ሳትናገር ዘመኗን መጨረሷ ያሳዝነኛል።

ሆኖም ሌሊት ያላባት ሁሉ አርጣ አይደለም። በእኛ አካባቢ ይህን መዘንጋት ነፍስ ያስከፍላል። የሳንባ ነቀርሳ ሌሊት ያልባል። ወባም ያልባል። የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ሙቀት፣ የልብ ምት መፍጠንና መክሳት ያመጣል። ኤችአይቪም እንዲሁ። ስለዚህ ላቡ ከሳል፣ ከትኩሳት ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ፕላስተር ከመፈለግዎ በፊት አክታና ደም ይመርመሩ። ደግሞም በ46 ዓመቷ የወር አበባዋ የቀረ ሴት እርጉዝ ልትሆን ትችላለች፤ ይህን ስል የሚስቁ አሉ፣ ምርመራው ግን ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የሆርሞን ፕላስተሩ እርግዝናን እንደማይከላከልም አብረው ይወቁ።

ማረጥ መሆኑ ከተረጋገጠና ስሜቱ ኑሮን ካወከ፣ ለሙቀቱና ለላቡ ከሆርሞን የሚበልጥ መድኃኒት እስካሁን የለንም። ይህን በግልጽ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም «ሆርሞን ካንሰር ነው» የሚለው ወሬ ብዙ እናቶችን ያለ እርዳታ አስቀርቷል። ፕላስተሩ ኢስትራዳዮል የተባለውን ሆርሞን በየቀኑ በጥቂቱ፣ በቆዳ አሳልፎ ወደ ደም ያደርሳል። የሚዋጥ ኪኒን ግን አስቀድሞ በጉበት ያልፋል፤ ጉበትም ደምን የሚያረጉ ነገሮችን አብዝቶ እንዲሠራ ያደርገዋል። በቆዳ የሚገባው ይህን መንገድ ስለሚዘል፣ በተለመደው መጠን የደም መርጋት አደጋው ከሚዋጠው ያነሰ ነው። ለወፍራም ሴት፣ ወይም ግፊቷ በመድኃኒት ለተስተካከለ እናት፣ እኔ ከኪኒን ይልቅ ፕላስተሩን የምመርጠው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ ልምጣ። ከሌላው ሁሉ ቢረሱ ይህን አይርሱ። ማሕፀን ያላት ሴት ኤስትሮጅንን ብቻውን መጠቀም የለባትም። ኤስትሮጅን የማሕፀንን ውስጠኛ ግድግዳ ያሳድጋል፤ በተፈጥሮ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሌላው ሆርሞን ይህን ዕድገት ይገታል። የሚገታው ከሌለ ግድግዳው እየወፈረ ሄዶ፣ በዓመታት ውስጥ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ በ1975 በአሜሪካ የታተሙ ጥናቶች ኤስትሮጅንን ብቻውን ይወስዱ በነበሩ ሴቶች ላይ የማሕፀን ግድግዳ ካንሰር መጨመሩን አሳይተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሕፀን ላላት ሴት ሁለቱ አብረው ይታዘዛሉ። ፕሮጄስትሮኑ በየቀኑ ወይም በየወሩ ከ12 እስከ 14 ቀን የሚዋጥ እንክብል ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን ሆርሞን በአንድነት የያዘ ፕላስተርም አለ፤ ሆርሞን ያለው ሉፕም ይህን ሥራ ይሠራል። መዳብ ብቻ ያለው ሉፕ ግን አይሠራም።

ከሻንጣ የሚወጣው ማሸጊያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የማየው ኢስትራዳዮል የሚለውን ብቻ ነው። የላከችው ልጅ ፕሮጄስትሮኑን አልላከችም፤ ወይም እንክብሉ በሌላ ጠርሙስ መጥቶ «የእንቅልፍ ነው» ተብሎ ተቀምጧል (እንክብሉ በእርግጥም ስለሚያስተኛ ማታ ይወሰዳል)። ጎረቤት ደግሞ የሚደርሳት ፕላስተሩ ብቻ ነው። ማሕፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣላት እናት ያለ ፕሮጄስትሮን የምትጠቀመው መድኃኒት፣ ማሕፀን ላላት እህቷ መርዝ ሊሆን ይችላል። አንድ ማሸጊያ ለሁለት ሴት አይሆንም የምለው ለዚህ ነው።

የጡት ካንሰሩ ፍርሃት ከየት መጣ? እ.ኤ.አ በ2002 ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ከታቀደለት ጊዜ በፊት ቆመ፤ ዜናውም ዓለምን ዞረ። ቁጥሩን ግን እንመልከተው። ሁለቱን ሆርሞን በሚውጡት ዘንድ የታየው ተጨማሪ የጡት ካንሰር ከ10 ሺህ ሴቶች በዓመት 8 ያህል ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 63 ዓመት ነው፤ ካረጡ ብዙ ዓመት የሆናቸው ናቸው። የወሰዱትም የሚዋጥ፣ ከእርጉዝ ፈረሶች ሽንት የሚዘጋጅ ኤስትሮጅንና ሰው ሠራሽ ፕሮጄስትሮን ነው። አደጋው ሐሰት ነው አልልም፤ ሁለቱን ሆርሞን ለዓመታት መጠቀም የጡት ካንሰርን ዕድል በጥቂቱ ይጨምራል፣ ፕላስተር መሆኑም ይህን አያስቀረውም። ነገር ግን ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት ጤነኛ ሴት፣ ስሜቱ ከከበዳት፣ ጥቅሙ ብዙውን ጊዜ ያመዝናል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2025 ከእነዚህ መድኃኒቶች ማሸጊያ ላይ ስለ ልብ፣ ስለ ጡት ካንሰርና ስለ መርሳት በሽታ በጉልህ የሚጻፈው ማስጠንቀቂያ እንዲነሣ እንደሚያደርግ አስታውቋል። ኤስትሮጅንን ብቻውን ስለ መጠቀምና ስለ ማሕፀን የተጻፈው ግን እንዲቀር ተደርጓል። ያ መሥሪያ ቤት እንኳ ያላነሣውን ማስጠንቀቂያ እኛ በቡና ላይ ልናነሣው አንችልም።

የጡት ካንሰር ታክማ የዳነች ብትሆንም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የማሕፀን መድማት ያላት፣ ስትሮክ ወይም የልብ ድካም ድንገት የመታት፣ እግሯ ወይም ሳንባዋ ውስጥ ደም የረጋባት፣ ጉበቷ የታመመ ሴት ፕላስተሩን በራሷ ፈቃድ አትጀምር። ደም ግፊት አስቀድሞ ይለካል፣ ጡትም በባለሙያ ይዳሰሳል። ሌላ የሚረሳ ነገር አለ፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፊኖባርቢታል፣ ፊኒቶይንና ካርባማዜፒን፣ ከኤችአይቪ መድኃኒቶችም ኤፋቪሬንዝ ሆርሞኑን ቶሎ ከሰውነት ስለሚያስወጡ ሥራውን ያዳክሙታል። እነዚህን የምትወስድ እናት «ፕላስተሩ አልሠራም» ብላ ሁለት ሦስት አትደራርብ፤ ለሐኪሟ ትንገር።

አለጣጠፉም ቢሆን ቀላል ይመስላል እንጂ ይሳሳቱበታል። የሕመም ማስታገሻ ፕላስተር ስለለመድን ብዙዎች የሚያማቸው ቦታ፣ ጉልበት ወይም ትከሻ ላይ ይለጥፉታል። ቦታው ከእምብርት በታች ያለው ሆድ ወይም መቀመጫ ነው። ጡት ላይ ፈጽሞ አይለጠፍም፤ መቀነት የሚያርፍበት ወገብም ስለሚያላቅቀው አይመከርም። ቆዳው ንጹሕ፣ ደረቅና ቅባት የሌለበት ይሁን። ቅቤ ወይም ቫዝሊን የተቀባ ገላ ላይ አይይዝም፣ ስለዚህ ከቅባት በፊት እንጂ በኋላ አይለጥፉ። በመዳፍ ለጥቂት ሰከንድ ይጫኑት። እንደ ዓይነቱ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይቀየራል፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን ያንብቡ፣ ወይም የሚያነብ ያስነብቡ። አዲሱን ሌላ ቦታ ይለጥፉ፣ ወደ መጀመሪያው ቦታ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አይመለሱ። በውኃ መታጠብ ይቻላል። ፕላስተሩ ላይ ፀሐይ ወይም የጋለ ነገር ማሳረፍ ግን ሆርሞኑን በአንድ ጊዜ ሊለቅ ይችላልና፣ ሆድን ከምድጃ ጋር አፋጥጦ ለሰዓታት መቀመጥን ይቀንሱ። «ይበዛብኛል» ብለው በመቀስ አይቁረጡት፤ አንዳንዱ ዓይነት ሲቆረጥ ይበላሻል። ያገለገለው ውስጡ ገና ሆርሞን አለበት፤ የሚጣበቀውን ጎን ወደ ውስጥ አጥፈው ሕፃናት በማይደርሱበት ይጣሉት።

ይህን ሁሉ ግን እናቶች ብቻ እንዲያውቁት መጠበቅ አግባብ አይመስለኝም። ወልቂጤ አጠገብ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል እርጉዝ እናቶች ከወሊድ በፊት የሚቆዩበትን ማረፊያ እ.ኤ.አ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አስለምዷል። በቡታጅራ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ በ1986 በጀመረው የምርምር ፕሮግራም ልደትና ሞት ቤት ለቤት ሲመዘገብ ኖሯል። ስለ እናት ጤና ከእነዚህ አካባቢዎች አገር ተምሯል። ግን እናት ስንል የምትወልደውን ነው። የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሚጠይቃቸው ሴቶች ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነው። ሃምሳኛ ዓመቷን የያዘች ሴት ከመጠይቁ ትወጣለች፤ ጤና ጣቢያ ስትመጣም ስለ ግፊቷ እንጂ ስለ እንቅልፏ የሚጠይቃት የለም። ዝምታው ነው ሻንጣውን መድኃኒት ቤት ያደረገው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትሄድ «የወር አበባዎ ከቆመ ስንት ጊዜ ሆነው? ሌሊት ይተኛሉ?» ብላ ብትጠይቅ ምን ወጪ አለው? ፕላስተሩን በመንግሥት መድኃኒት ቤት ማቅረብ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ግን አይጠይቅም።

ፕላስተሩ ላልተገኘላት ወይም ለማይስማማት ሆርሞን ያልሆኑ መድኃኒቶች አሉ፤ ለብልት መድረቅ ደግሞ ማለስለሻ ወይም በብልት የሚደረግ አነስተኛ ሆርሞን ይበቃል። ስስ ልብስ መደራረብ፣ የመኝታ ክፍልን ማናፈስ፣ ማታ ማታ ቡናና የሚያቃጥል ምግብ መቀነስም ለአንዳንዶች ይረዳል። በወልቂጤ ሚጥሚጣ ይቅር ማለት ከባድ ምክር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሞክረው ካልጠቀመዎ ይመለሱበት። ከ45 ዓመት በፊት ያረጠች፣ በተለይም ዕንቁላል ማፍሪያዋ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት ግን ጉዳይዋ የተለየ ነው፤ አጥንቷም ልቧም ስለሚጎዳ፣ ሙቀቱ ባያስቸግራት እንኳ ሐኪም ማየት አለባት።

ፕላስተሩን ጀምረው ከሆነ አይደንግጡ፣ አይደብቁትም። ማሸጊያውን፣ አብሮ የመጣውን እንክብል ሁሉና የጀመሩበትን ቀን ይዘው ወደ ጤና ተቋም ይምጡ። ማሕፀን ኖሮዎት ያለ ፕሮጄስትሮን ሲጠቀሙ ቆይተው ከሆነ የግድግዳው ውፍረት በአልትራሳውንድ ይታያል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የጡት መወጠር፣ የራስ ምታትና ጥቂት ደም መታየት ሊኖር ይችላል። ደሙ ከስድስት ወር በኋላ ከቀጠለ፣ ወይም ቆሞ እንደገና ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ደረት ከወጋና ትንፋሽ ካጠረ፣ አንደበት ከተሳሰረ ወይም ፊት ከተጣመመ ፕላስተሩን አንሥተው በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይድረሱ፤ ለተረኛውም ሐኪም በመጀመሪያ የሚናገሩት ሆርሞን ሲጠቀሙ መቆየትዎን ይሁን።