የሁለት ዓመቱ ግዴታ ማንን ያስገድዳል?

ሙሉ ወጪ የሚሸፈንባቸው የውጭ አገር የማስተርስ ዕድሎች ማመልከቻ በተከፈተ ቁጥር አንድ ማስተባበያ አብሮ ይነገራል፤ ይኸውም ተመራጩ ትምህርቱን እንደጨረሰ ተመልሶ ለሁለት ዓመት በአገሩ የመኖር ግዴታ ስላለበት፣ ዕድሉ የተማረ ሰው ፍልሰትን አያስከትልም የሚለው ነው። ይህን የሽኝት ንግግር አድራጊዎች ይደጋግሙታል፤ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ይቀበሉታል፤ ዕድሉን ያገኙትም ሳይመረምሩ ያስተጋቡታል። ግዴታው ምን እንደሚያስገድድና በማን ላይ እንደተጣለ ለይቶ የተመለከተ ሰው ግን ማስተባበያው ባዶ መሆኑን ለመረዳት ብዙ አይደክምም።

በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የሚካሄደውን፣ በ1946 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የተመሠረተውን ፉልብራይትን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ተማሪው የሚጓዘው ለትምህርትና ለባህል ልውውጥ በሚሰጠው የጄ-1 ቪዛ ሲሆን፣ ሕጉ ይህን ቪዛ የያዘው ተማሪ በድምሩ ሁለት ዓመት በአገሩ እስካልኖረ ድረስ የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪነትንም ሆነ የተወሰኑ የሥራ ቪዛዎችን እንዳያገኝ ይከለክለዋል። መለኪያው በአገር ውስጥ በአካል መገኘት ብቻ ነው። የሕዝብ ጤና አጥንቶ የተመለሰ ባለሙያ ሁለቱን ዓመታት በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሲሠራ ቢያሳልፋቸው፣ ሥራ አጥቶ ወላጆቹ ቤት ቢቀመጥባቸው፣ ወይም ቦሌ በሚገኝ የውጭ ድርጅት ቢሮ ከሙያው ጋር የማይገናኝ ሪፖርት ሲያዘጋጅባቸው ቢከርም፣ በሕጉ ፊት ልዩነት የለውም። ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሪታንያ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚደገፈው ቼቭኒንግም ከዚህ አይሻልም። አመልካቹን ቢያንስ የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቀዋል፤ ስለ መሪነት ችሎታውና ስለ ወደፊት የሥራ ዕቅዱም ድርሰት ያስጽፈዋል፤ ከዚህ ሁሉ ማጣራት በኋላ የሚጥልበት ግዴታ ግን በአገሩ ለሁለት ዓመት እንዲቆይ እንጂ፣ የጻፈውን ዕቅድ የሚፈጽምበት የሥራ ቦታ እንዲያገኝ የሚያደርግ አይደለም።

ግዴታው የተጣለው በግለሰቡ ላይ ብቻ ነው፤ እርሱን ሊቀበለው በሚገባው መሥሪያ ቤት ላይ የተጣለ አንዳች ግዴታ የለም። የማስተባበያው ትልቁ ጉድለት ይህ ስለሆነ ሌላውን ሁሉ ትቶ በዚህ ላይ መቆም ተገቢ ነው።

በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ አንድ ባለሙያ በግሉ ተወዳድሮ እንዲህ ያለውን ዕድል ሲያገኝ በመጀመሪያ የሚገጥመው የትምህርት ፈቃድ ጥያቄ ነው። ትምህርቱ በመሥሪያ ቤቱ የሰው ኃይል ዕቅድ ውስጥ ካልተያዘ ፈቃዱ ሊከለከል ይችላልና፣ ሠራተኛው መልቀቂያ አስገብቶ፣ በእጁ ያለውን ንብረት አስረክቦና ክሊራንስ ጨርሶ ይሄዳል። ፈቃዱን ያገኘውም ቢሆን ተመልሶ ለተወሰነ ዓመት እንዲያገለግል፣ ካላገለገለ ገንዘብ እንዲከፍል ዋስ ጠርቶ ውል ይፈርማል፤ በዚያ ውል ውስጥ ግን መሥሪያ ቤቱ ሲመለስ በተማረው ሙያ እንዲያሠራው የሚያስገድደውን አንቀጽ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ተመላሹ የቀድሞ የሥራ መደቡ በሌላ ሰው ተይዞ ይጠብቀዋል፤ ዲግሪው የአቻ ግምት እስኪሠራለት ደጅ ይጠናል፤ ክፍት መደብ ሲወጣም ከማንኛውም አመልካች ጋር እንደ አዲስ ይወዳደራል። በነጥብ የሥራ ምዘና ዘዴ፣ ማለትም ደመወዝን በሠራተኛው ሳይሆን በመደቡ ክብደት በሚወስነው አሠራር፣ አዲስ መደብ ያላገኘ ሰው ማስተርስ በመያዙ ብቻ ደመወዙ አይለወጥም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ከሆነ በኋላ፣ ይህ ደመወዝ ከውጭ ድርጅት ክፍያ ጋር ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሰፋ ለማንም የተሰወረ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው ሁለቱ ዓመታት ባለቁ ማግስት ቢሄድ ከሃዲ ማለት ነውር ነው።

መመለስ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ለማስረዳት ከኢትዮጵያ ታሪክ የገርማሜ ንዋይን ያህል ግልጽ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። ገርማሜ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሹመትም አላጣም። የወላይታ አውራጃ ገዥ ሆኖ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ለመስጠት ሲነሣ ግን ባለርስቶቹ ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት አሉ፤ እርሱም ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። የተማረው ትምህርት በሥራ ላይ እንዲውል የሚፈቅድ ተቋም ስላልነበረ፣ ይህ ሰው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድሙ ከክቡር ዘበኛ አዛዥ ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር የመፈንቅለ መንግሥቱን ሙከራ መርቶ በዚያው ሕይወቱ አለፈ። ገርማሜ በዛሬው መለኪያ ቢለካ ግዴታውን ያለ ነቀፋ የተወጣ ተመላሽ ተብሎ ይመዘገብ ነበር።

ለጋሾቹ አገሮች የራሳቸውን ጥቅም ቢያስቡ አይወቀሱም። ጃፓን በ2013 እ.ኤ.አ. በዮኮሃማ በተካሄደው ቲካድ በተባለው የአፍሪካ ልማት ጉባኤ ይፋ ያደረገችው ኤቢኢ የተባለው የትምህርት ዕድል ለአፍሪካውያን ወጣቶች ከማስተርሱ በተጨማሪ በጃፓን ኩባንያዎች ውስጥ የተግባር ልምምድ የሚያሰጥ ሲሆን፣ ተመራቂዎቹ ነገ ለኩባንያዎቹ በአፍሪካ መንገድ እንዲመሩ መፈለጓን አልሸሸገችም። ይህ ግልጽነት የሚከበር ነው። የማይከበረው ለተቀባዩ አገር ልማት ነው እየተባለ፣ ተቀባዩ አገር ግን ምንም እንዳይጠየቅ የሚደረግበት አካሄድ ነው።

ለጋሽ በሌላ አገር መሥሪያ ቤት ላይ ግዴታ ሊጥል አይችልም የሚለው መከራከሪያም አያስኬድም። በጃፓን ገንዘብ በዓለም ባንክ የሚተዳደረው የማስተርስ ዕድል አመልካቹ በሚያመለክትበት ጊዜ በልማት ነክ ሥራ ላይ በሙሉ ጊዜ ተቀጥሮ እንዲገኝ ይጠይቃል፤ አሠሪው ማን እንደሆነ ገና ከመጀመሪያው ይታወቃል ማለት ነው። ዳአድ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎትም ለልማት ነክ የማስተርስ መርሐ ግብሮቹ ማኅተምና ፊርማ ያረፈበት የአሠሪ ደብዳቤ ሲጠይቅ፣ ከተቻለ አሠሪው ተመላሹን መልሶ እንደሚቀጥር ማረጋገጫ እንዲጨመርበት ያሳስባል። ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው፤ ጉድለቱ ማረጋገጫው ለአሠሪው በጎ ፈቃድ መተዉ ብቻ ነው። ተማሪው ካልተመለሰ የሚጠየቅበት ግዴታ «ከተቻለ» ተብሎ እንዳልተጻፈ ሁሉ፣ የአሠሪውም ሊጻፍ አይገባም፤ ማረጋገጫውን ለመፈረም የማይፈቅድ መሥሪያ ቤትም ሠራተኛውን በዋስና በውል ለማሰር መብት ሊኖረው አይገባም።