ውሻችሁ እያከከ ነው? መጀመሪያ ቁንጫውን ፈልጉ

ውሻችሁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክና መዳፉን ሲልስ ያድራል። ስልካችሁን ከፍታችሁ «የውሻ አለርጂ» ብላችሁ ስትፈልጉ ማስታወቂያው ቀድሞ ይመጣል፦ ትንሽ ፀጉርና ምራቅ ላኩልን፣ የማይስማማውን ነገር ዝርዝር በኢሜይል እንልክላችኋለን። ቀላል ነው፣ ያጓጓል። ግን አይሠራም።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ይህን ፈትኖታል። ተመራማሪዎቹ ከአለርጂ ታማሚና ከጤነኛ ውሻ ናሙና ጋር ሰው ሠራሽ ፀጉርና ከውሻ አፍ ያልወጣ ፈሳሽ ላኩ። ለእሱም የአለርጂ ዝርዝር ተሠርቶ መጣ!

«እሺ፣ የደም ምርመራውስ?» ትሉ ይሆናል። እሱ የምር ምርመራ ነው። ሰውነት ለአበባ ብናኝ፣ ለሻጋታ ወይም በቤት አቧራ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮች የሚያመርተውን አይጂኢ የተባለ አንቲቦዲ ይለካል። ነገር ግን ይህ አንቲቦዲ ምንም በማያሳክካቸው ጤነኛ ውሾች ደም ውስጥም ይገኛል። ስለዚህ «ፖዘቲቭ» ማለት «የሚያሳክከው ይሄ ነው» ማለት አይደለም።

የእንስሳት ሐኪሞች የቆዳ አለርጂን የሚለዩት ሌላውን ምክንያት አንድ በአንድ እያስወገዱ ነው። መጀመሪያ ቁንጫ። ቀጥሎ እከክ፣ የባክቴሪያና የፈንገስ ቁስለት። ምግብ ከተጠረጠረ ደግሞ ቢያንስ ለ8 ሳምንት ሐኪሙ የመረጠለትን ምግብ ብቻ መስጠት፣ ከዚያ የድሮውን መልሶ መሞከር። ምግብን በተመለከተ ይህን የሚተካ አስተማማኝ የደም ምርመራ የለም።

ታዲያ የደም ምርመራው ጥቅሙ ምንድን ነው? አለርጂው በዚህ መንገድ ከተለየ በኋላ፣ ሰውነቱን ቀስ በቀስ ለሚያለማምደው መርፌ ምን እንደሚጨመር ለመምረጥ ይረዳል። መርፌው ብዙ ውሾችን ያሽላል፤ ውጤቱን ለማየት ግን እስከ 1 ዓመት መታገስ ያስፈልጋል።

ሐኪም ቤት ወጪ አለው፣ እውነት ነው። በተሳሳተ ዝርዝር ተመርቶ ዶሮውንም በሬውንም ከልክሎ፣ ቁንጫውን ግን ጀርባው ላይ መተው ደግሞ የባሰ ኪሳራ ነው። ገንዘቡ የእናንተ ነው፤ ስቃዩ ግን መናገር የማይችለው የውሻው ነው።

ስለዚህ ለማንኛውም የአለርጂ ምርመራ ከመክፈላችሁ በፊት ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ውጤቱ ሕክምናውን ይለውጠዋል?» መልሱ «አይ» ከሆነ ብራችሁን ኪሳችሁ አድርጉና ፀጉሩን ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ ቁንጫ ፈልጉ።